የድርቤ ጆሮ

ተረት ልጀምር ነው። ጆሮ ያለው ያውሰኝ፤ የሌለው ወደ ጎረቤቱ ይጠጋ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይም ብረትም አይጥም በሚናገሩበት ዘመን፣ አንዲት ድንጋይ ነበረች። ሰው ግን ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ነበር። ሲናገሩት አይሰማም።

የድንጋይቱ ስም ድርቤ ነው። ስሙን ያወጣላት ገላዋ ነው። ከታች ጥቁር ናት፤ እንደ ጥልቅ ውሃ የጠቆረች። ከጥቁሩ በላይ ነጭ ናት፤ እንደ እርጎ የረጋች። ከነጩም በላይ ቀላ ያለ ስስ ሽፋን አላት፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። ሦስት ቀለም በአንድ ገላ። ማንም አልቀባትም፤ ስትፈጠርም እንዲሁ ነበረች።

በዚያ አገር የነገሠ ንጉሥ ነበር። ከሰው ጋር ይበላል፣ ከሰው ጋር ይዘምታል፣ ከሰው ጋር ይስቃል። አንድ ቀን ወንዝ ሲሻገር በቅሎው ሸርተት አለች። ወርዶ ያንሸራተታትን ሲያይ ድርቤ ናት። አንሥቶ አጠባት፤ ወደ ብርሃን አቀናት፤ ደስ አለችው። ወደ ቀራጺ ወሰዳትና፣

"ፊቴን አውጣባት" አለው።

ቀራጺው ንጉሡን ከፊቱ በርጩማ ላይ አስቀመጠ። በጎን አየው። እያየ ቀረጸ፤ እየቀረጸ አየ። የዚህ ሥራ ሕጉ አንድ ነው፤ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። ከቀይዋ ሽፋን ጠጉሩንና ጢሙን አወጣ። ከነጩ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጉንጩን አወጣ። በዙሪያው ያለውን ነጭ ሁሉ ቀንሶ ቀንሶ እስከ ጥቁሩ ወረደ። ቀራጺዎች ያንን ጥቁር "መሬት" ይሉታል። እንዲህ ያለውን ከድንጋይ ጎልቶ የሚወጣ ምስል የባሕር ማዶ ሰዎች ካሜኦ ይሉታል አሉ። የእኛዎቹ ግን ፈርጥ ብለው ዝም።

በፊት ላይ ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው ጆሮ ነው። ለመሬቱ ቅርብ ነው። ቀራጺው ጆሮውን ከጨረሰ በኋላ ከጆሮው ፊት ለፊት፣ ጉንጭ በሚጀምርበት ቦታ፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ወጋ። ከዚያም እሾህ በዘይት እየነከረ ቀዳዳይቱን ከውስጥ ወለወላት።

ንጉሡ ፈርጡን አይቶ ሳቀ። "አየሃት?" አለው።

"አየኋት፣ ጃንሆይ።"

ሌላ አልተነጋገሩም።

ድርቤ በወርቅ ታቅፋ፣ በወርቅ ሰንሰለት ተንጠልጥላ ወጣች። ሰው ሁሉ አደነቃት። የሚያደንቅ ሰው ግን መጨረሻ ላይ አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ "እዚህች ጋ ቀራጺው እጁ ስቶታል፤ ያሳዝናል" ይላል። አንዱ አለ፤ ሌላው ደገመ፤ ሦስተኛው ለልጁ ነገረ። ድርቤም ሰማች፤ አመነችም። ያቀፋት ወርቅም አልተዋትም።

"የፈንጣጣ ጠባሳሽን ወደ ውስጥ አዙሪው" ይላታል። "እኔን ታሰድቢኛለሽ።"

ከዚያ ወዲያ ድርቤ ብርሃን ሲመጣባት ጆሮዋን መደበቅ ያምራታል። ግን ድንጋይ ወዴት ይዞራል?

ዘመን ሄደ። ንጉሡ ሞተ፤ ልጁ ነገሠ።

ልጁ እንዳባቱ አልነበረም። መካሪዎቹ "ፊቱን ያሳየ ንጉሥ ይናቃል" አሉት። እሱም በዙፋኑ ፊት መጋረጃ ሰቀለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጉሥን ማንም አያይም። የሚናገርለት አፈ ንጉሥ ነው። አፈ ንጉሡ ፈርጡን በደረቱ አንጠልጥሎ በሕዝቡ ፊት ይቆማል፤ ሕዝቡ ፊቱን ከፈርጡ ያያል፣ ቃሉን ካፈ ንጉሡ ይሰማል። ስለዚህም አዲሱ ንጉሥ፣

"ሕዝቡ የሚያየው የአባቴን ፊት ነው። ፋቁትና የእኔን አውጡ" አለ።

"ሌላ ድንጋይ ይፈለግ" ተባለ። ወንዝ ለወንዝ ተፈለገ፤ ባለ ሦስት ቀለም ድንጋይ ታጣ። ድርቤ ተመለሰች ወደ ቀራጺ።

የፊተኛው ቀራጺ አልፏል። ሁለተኛው ንጉሡን በርጩማ ላይ ማስቀመጥ አልቻለም፤ መጋረጃ አለና። ከመጋረጃው ጀርባ መብራት አበሩለት፣ ጥላው በመጋረጃው ላይ ወደቀ፣ ቀራጺው ጥላውን በከሰል ቀዳ። በጥላው መሠረት አፍንጫውን ዝቅ አደረገ፤ ግንባሩን ቀነሰ፤ ጢሙን ላጨ። ጆሮውስ? ጥላ ጆሮ የለውም። ደግሞም ጆሮ ለመሬቱ ቅርብ ነው፤ ቢነኩት ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ተወው።

ሁለተኛው ንጉሥ የአባቱን ጆሮ እንዳንጠለጠለ ኖረ። ማንም ልብ አላለም።

"አዲስ ፊት፣ አዲስ ክብር!" አላት ወርቅ።

"ቀለልኩ መሰለኝ" አለች ድርቤ።

"ቀጭን መሆን ያምርብሻል።"

ድርቤ ግን ነጯ ሊያልቅ ጥቂት እንደቀረው ታውቃለች። የሚቀጥለው ንጉሥ ፊት ቢያምረው የሚቀረው ጥቁሩ ብቻ ነው። ጥቁር ድንጋይ ደግሞ በዚያ አገር በየወንዙ ሞልቷል፤ ጉልቻ ነው የሚሆነው።

ዘመን ሄደ። ሁለተኛው ንጉሥ ሞተ።

በዚያ አገር የንጉሥ ወንዶች ልጆች በሕፃንነታቸው ወደ አምባ ይወጣሉ። አባት እስኪሞት በጠባቂ ታጥረው እዚያው ያድጋሉ። ተራቸው ሲደርስ ይወርዳሉ። የወረደውን ልዑል ከጠባቂዎቹ በቀር ማንም አይቶት አያውቅም። ይህኛውም እንዲሁ ወረደ። ወጣት ነው፤ ቁጡ ነው፤ የደጋ ብርድ ያጠነከረው ነው።

ከአምባው ሥር የተቀበለው አፈ ንጉሥ አንዳርጌ ነበር። አንዳርጌ ሁለተኛውን ንጉሥ፣ ንጉሡ አርጅቶ እስኪሞት ድረስ፣ ያገለገለ ሰው ነው። ድርቤን በደረቱ ይዞ ኖሯል። ነገር ሲያስብ አውራ ጣቱን ጆሮዋ ላይ ያሻሻል፤ ልማዱ ነው። ቀዳዳይቱን ከዓይኑ ይልቅ ጣቱ ያውቃታል። የልዑሉን ረጅም ጠጉር ወደ ኋላ ሰብስቦ ቅቤ ሲቀባው ታዲያ ጣቱ ከጆሮው ፊት ለፊት አንዲት ቀዳዳ አገኘ። የመርፌ ጫፍ የምታክል፤ ከእናት ሆድ የመጣች።

ድርቤ በዚያ ሰዓት ደረቱ ላይ ነበረች። የአንዳርጌ ልብ ዘለለ። ሰማችው።

አንዳርጌ እቤቱ ሲገባ ለሚስቱ እንዲህ አላት።

"ልጁ የንጉሥ ልጅ መሆኑን በመልክ የምናውቅ እኔና ይህች ድንጋይ ብቻ ነን። ድንጋይቱ ከተፋቀች እኔ ብቻ እቀራለሁ። እኔ ደግሞ እረሳለሁ።"

"ጠባቂዎቹስ?"

"የጠባቂ ቃል ማን ያምናል? 'የራሳችሁን ልጅ ለውጣችሁ አወረዳችሁ' እላቸዋለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ዙፋን ባዶ አይቀመጥም። ይህን ወርቅ ደግሞ ለዘውድ አቀልጠዋለሁ።"

ይህን ሲል ወርቅ በሰንሰለቱ ላይ ተንቀጠቀጠ። ድርቤ ፍርሃት መስሏት ነበር። ደስታ ነው።

በማግስቱ አንዳርጌ ከመጋረጃው ፊት ተንበረከከ።

"ጃንሆይ፣ እኔ ስናገር ሕዝቡ ደረቴ ላይ የሚያየው የሙት ፊት ነው። ሕያው ንጉሥ እያለ?"

ወጣቱ ንጉሥ ካባቱ ጋር ቁርስ አልበላም፤ ካያቱ ጋር አልተጫወተም። ያባቱ ፊት ቢፋቅ ምኑ ይነካል?

"ፋቁት" አለ።

እንዲህ ሆኖ ድርቤ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ቀራጺ ሄደች።

ሦስተኛው ቀራጺ ቀጸላ ይባላል። የሁለተኛው ቀራጺ ደቀ መዝሙር ነው። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ግን ራሱን አያምንም። መሮውን ከማንሣቱ በፊት "ቆይ" ይላል። ካነሣም በኋላ "ቆይ" ይላል። ሚስቱ ጋብቻውን የጠየቀበትን ቀን ስታወራ፣ "'ላገባሽ እፈልጋለሁ' ካለ በኋላ 'ቆይ' አለ፤ አባቴ ሊመታው ነበር" ትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ቀጸላ ቆይ ይለዋል።

አንዳርጌ ፈርጡን ሲሰጠው፣ "ሁሉን ፋቅ" አለው። "ከጆሮው ጀምር።"

"ቆይ… ጌታዬ፣ ከጆሮ?"

"ከጆሮ። እንከን አለበት፤ ንጉሡን ያሳፍራል።"

"ጆሮ መጨረሻ ነው የሚነካው ጌታዬ። መምህሬ—"

"መምህርህ ሞቷል። እኔ አለሁ።"

አንዳርጌ ሄደ። ቀጸላ ራሱን አከከ። "ሰው አፍንጫውን ነው የሚለምነኝ" አለ ለሚስቱ። "ይህን አቅናልኝ፣ ያንን አሳጥርልኝ ይላል። እስከ ዛሬ ስለ ጆሮ የለመነኝ የለም።"

ቀጸላ ድርቤን ከወርቁ አወጣት። ወርቁን መደርደሪያ ላይ አኖረ። እሷን በጥቁር ሰም ከእንጨት እጀታ ጫፍ ላይ አጣበቃትና ከሰል ሊገዛ ወጣ። ድርቤ ከእጀታው ላይ ሆና አሰበች። ጆሮዋ ሊሄድ ነው። ያፈረችበት ያ ቀዳዳ ሊሄድ ነው። ሲሄድ እሷ ጉልቻ ትሆናለች፤ ንጉሡም የጠባቂ ልጅ ይሆናል። የሚያውቀው ደግሞ የሚረሳው ሰው ነው።

መጀመሪያ ወርቅን ለመነች።

"ጋሼ ወርቅ፣ ስንት ዘመን አቅፈኸኝ ኖርክ። አንዲት ነገር ላስቸግርህ። ነገ ሲመልሱኝ አልገባም በል። ጠበብኩ በል። እስኪያሰፉህ ቀን ይገኛል።"

"ምን ባይ ነሽ!" አለ ወርቅ። "እኔ ዘውድ ልሆን ነው። ራስ ላይ ልወጣ ነው። እስከ መቼ ደረት ላይ ልንጠለጠል?"

"እኔስ?"

"አየሽ፣ እኔ ብቀልጥ ተመልሼ ወርቅ ነኝ። አንቺ ብትፋቂ ትቢያ ነሽ። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው፤ በክፉ አትይው።"



ሁለተኛ መሮን ለመነች። መሮ ከጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ሰውነቱ አጭር፣ አፉ ስለታም፣ ጠባዩ የወታደር ነው።

"ወንድሜ መሮ፣ ጆሮዬን አትንካብኝ።"

"እኔ የምሄደው ወደ ተገፋሁበት ነው" አለ መሮ። "ለገፊው ንገሪው።"

"ገፊው አይሰማኝም። ብትዶለድምልኝስ?"

"ምን አልሽ?"

"ብትዶለድምልኝ።"

"ልታሰድቢኝ ነው? በዚህ ቤት ዶልድሜ አላውቅም! ከበሩ ጀርባ ያለው መጥረቢያ ይሰማሻል፣ ቀስ በይ።"

"እሺ። ዛሬ ጆሮዬን ብላ። ነገስ ምን ትበላለህ? ከእኔ ሌላ ባለ ሦስት ቀለም በአገሩ የለም። እኔ ካለቅሁ የፈርጥ ሥራ አለቀ። አንተን ለጎረቤት ያውሱሃል። የዱባ ፍሬ ስትፈለቅቅ ይታየኛል።"

መሮ፣ "ዱባ?" አለ።

"ዱባ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ እዶለድማለሁ። ለመጥረቢያው እንዳትነግሪ።"

ቀጸላ ተመለሰ። ተቀመጠ። "ቆይ" አለና መሮውን አነሣ። እንደ ወትሮው ከጠጉሩ ሊጀምር አሰበ፤ የቀረችዋን ቀይ ክር አነሣት። ከዚያ የአፈ ንጉሡ ትእዛዝ ትዝ አለውና ወደ ጆሮው ዞረ። መሮው ጮኸ። ጢጥ! ብሎ ሸርተት አለና በግንባሩ ላይ ጭረት ተወ። ጆሮውን ግን አልነካም።

"ቆይ!" አለ ቀጸላ። መሮውን ጣለ፤ ድርቤን ይዞ ወደ መስኮት ሄደ። ቀራጺ ሲፈራ ድንጋዩን ወደ ብርሃን ያቀናል፤ ምን ያህል እንደቀረው ለማወቅ። አቀናት። ብርሃኑ በነጯ በኩል ሰማያዊ ሆኖ መጣ፤ ያን ያህል ስሳለች። ጆሮውን አየ። ቀዳዳይቱን አየ። ከፈረስ ጭራ ጠጉር ነጨና ወደ ቀዳዳይቱ ሰደደው። ጠጉሩ ምንም ሳይነካው ሰተት ብሎ ገባ። ደገመ፤ ሰተት አለ።

"ውስጧ ተወልውሏል" አለ ለራሱ። "እጅ ስቶ የወጋት ቢሆን ውስጧ ሻካራ ይሆን ነበር። ስህተትን ማን ይወለውላል?"

ይህን ስትሰማ ድርቤ፣ ድንጋይ ባትሆን ኖሮ፣ ታለቅስ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ያፈረችበትን አንድ ሰው ወልውሎት ነበር።

ቀጸላ ግን ራሱን አያምንም። "ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል" አለ። "ምናልባት የፊተኛው ቀራጺ ስህተቱን ሊደብቅ ወልውሎት ይሆናል። ነገ የንጉሡን ጥላ ስቀዳ… ግን ጥላ ጆሮ የለውም።" ተኛ።

ድርቤ ይህችን ቃል ያዘች። ሦስተኛ አይጥን ለመነች። አይጢቱ በቀጸላ ጣራ ሥር ትኖራለች፤ ቤተ መንግሥቱንም ከጓዳ እስከ እልፍኝ ታውቀዋለች።

"እሜቴ አይጥ፣ የንጉሡን መጋረጃ የያዘው ገመድ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?"

"እንኳን ገመዱን፣ ቋጠሮውን አውቃለሁ። ኑግ ይሸታል።"

"ነገ ቀጸላ ጥላውን ሲቀዳ ቁረጪልኝ።"

"ምን ትሰጪኛለሽ?"

"እኔ ምን አለኝ?"

"እግርሽ ሥር ያለው ሰም።"

"ሰሙ የቀጸላ ነው።"

"መጋረጃውም የኔ አይደለም" አለች አይጥ።

ድርቤ አሰበችና፣ "ቀጸላ ሰም የሚያኖርበት ምንቸት ውስጥ ያለውን ብዪ። እዚህ ያጣበቀኝን ግን ትንሹን ተዪ" አለች። አይጥ ያንኑ ዕለት ቀብዱን ወሰደች።

በማግስቱ ቀጸላ ሰሙ አልቆ አገኘ። "ቆይ፣ ትናንት ሙሉ ነበር" አለ። እንደ ልማዱ ራሱን ጠረጠረ እንጂ አይጥን አልጠረጠረም። ከሰሉንና ሰሌዳውን ይዞ ወደ ቤተ መንግሥት ሄደ።

ከመጋረጃው ጀርባ መብራት አበሩ። የንጉሡ ጥላ በመጋረጃው ላይ ወደቀ። ቀጸላ ግንባሩን ቀዳ፣ አፍንጫውን ቀዳ፣ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ከላይ ጥርስ ቀርጠፍ ቀርጠፍ የሚል ድምፅ ተሰማ። መጋረጃው ወረደ።

ንጉሡ በሙቀቱ ምክንያት ጠጉሩን ወደ ላይ አስሮ፣ እግሩን በሳፋ ውሃ ነክሮ፣ ሽምብራ ይቆረጥም ነበር። ቀጸላ በግንባሩ ተደፋ። ከመደፋቱ በፊት ግን አይቶ ነበር።

"ምን አየህ?" አለ ንጉሡ፣ ሽምብራውን ሳይውጥ።

"ምንም፣ ጃንሆይ።"

"ምንም ካላየህ ለምን ፈዘዝክ?"

"አፍንጫዎን ነበር የማየው፣ ጃንሆይ።"

"እንዴት ነው?"

"ቆይ…" አለ ቀጸላ፤ ከአፉ አመለጠው። "ጥሩ ነው።"

ንጉሡ ሳቀ። መጋረጃው ተመልሶ ተሰቀለ።

ቀጸላ እቤቱ ገባና ድርቤን በመዳፉ አስቀምጦ ብዙ አያት። ጆሮው ያው ጆሮ ነው። ቀዳዳይቱ ያቺው ቀዳዳ ናት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገና አልገባውም፤ ማን ምን እንደሚሸርብም አያውቅም። የገባው አንድ ነገር ነው። ከፋቀ መመለስ የለም። ካልፋቀ ግን ነገም መፋቅ ይችላል። ስለዚህ የቀረችውን ጥቁር ሰም በጣቱ አሙቆ ጆሮውን ሸፈነ፤ ቀዳዳይቱንም አብሮ። በላዩ የመብራት ጥላሸት ነሰነሰ። አሁን ጆሮው መሬት መሰለ፤ ጥቁር በጥቁር።

"እሜቴ አይጥ" አለች ድርቤ ከሰሙ ሥር፣ ድምፅዋ ታፍኖ፣ "ይህቺን እንዳትበዪ።"

"ሸተተችኝ እኮ።"

"እባክሽ።"

አይጥ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ኋላ ለልጅ ልጆቿ ስትናገር፣ "በዕድሜዬ ብዙ በልቻለሁ፤ የማልረሳው ግን ያልበላሁትን ነው" ትል ነበር።

አንዳርጌ ሊያይ መጣ። ፈርጡን አገላበጠ። ጠጉሩ ተላጭቷል፤ ግንባሩ ተጭሯል፤ ጆሮው በነበረበት ጥቁር ነው። በአውራ ጣቱ አሻሸው። ለሰለሰው።

"ጎበዝ" አለ። "የቀረውን ኋላ ትጨርሰዋለህ። አሁን እፈልገዋለሁ።"

ወርቅ ድርቤን መልሶ ሲያቅፋት ይዘፍን ነበር።

በዚያው ሳምንት አንዳርጌ ሸንጎ ጠራ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ሕዝቡ ቆመ፣ ቀጸላም ከሕዝቡ መካከል ነበረ። ከመጋረጃው ጀርባ ንጉሡ ተቀምጧል። የሰማው "አፈ ንጉሡ አዲሱን ፊት ሊያሳይ ነው" ተብሎ ነው።

አንዳርጌ ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጠ።

"አባቶቼ" አለ፤ "ከዚህ መጋረጃ ጀርባ ያለው ልጅ የንጉሥ ልጅ አይደለም። የአምባ ጠባቂዎች ልጃቸውን ለውጠው አወረዱብን። ሳውቅ ዝም ብል እግዜር አይወድም።"

ሸንጎው ተናወጠ። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የገፉት ባሻ ድልነሳው ይባላሉ፤ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ።

"አንዳርጌ፣ አፍ ሆነህ ኖረህ ዛሬ ነካሽ ሆንክ? ምስክርህ ማን ነው?"

"ድንጋይ ነው ምስክሬ። ድንጋይ አይዋሽም።" ፈርጡን ከአንገቱ አውጥቶ ሰጣቸው። "ያባቱ ፊት ይኸው። መጋረጃው ይነሣና አስተያዩት።"

መጋረጃው ተነሣ። ንጉሡ ተነሥቶ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ፈርጡን እየተቀባበሉ እሱን አዩ። አፍንጫው አይመስልም። ግንባሩ አይመስልም። አንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላው ነቀነቀ፤ ሦስተኛው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ንጉሡ ስለ ራሱ የሚናገርለት ሰው ፈለገ። አፉ አንዳርጌ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች ወደ ንጉሡ አንድ እርምጃ ተራመዱ።

ድርቤ በባሻ ድልነሳው መዳፍ ላይ ሆና፣ ከሰሙ ሥር፣ ጮኸች። ሰው ግን አይሰማም።

"ቆይ!" አለ አንድ ሰው።

ሕዝቡ ዞረ። "ቀጸላ ቆይ ነው" ተባባሉ፤ አንዳንዱም ሳቀ። ቀጸላ ሰዉን እየገፋ ወደ ፊት መጣ።

"ባሻ፣ አፍንጫውንና ግንባሩን አይመልከቱ። ሁለቱም ከጥላ የተቀዱ ናቸው፤ ሰው ፍቋቸዋል። የፊተኛው ቀራጺ ያያታቸውን ፊት እያየ ካወጣው ግን ማንም ያልደረሰበት አንድ ቦታ አለ። ይፍቀዱልኝ።"

ፈርጡን ተቀበለ። ሁለት ጊዜ ተነፈሰበት። ሰሙ ላላ። በአውራ ጣቱ ጠረገው። ጆሮው ወጣ፤ ነጭ፣ ከጥቁሩ መሬት ላይ። ከፊቱም ቀዳዳይቱ።

"ይህ የእጅ ስህተት ነው" አለ አንዳርጌ፣ ድምፁ ቀጥኖ። "ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው ነው።"

"እኔም ስሰማ ነው ያደግሁት" አሉ ባሻ።

"ስህተትን ማንም አይወለውልም፣ ባሻ። የጤፍ ጭድ ይስደዱባት።"

ባሻ ጭድ ሰደዱ። ሰተት አለ። አወጡና እንደገና ሰደዱ። ሰተት አለ። ፈርጡን ወደ ጎረቤታቸው አቀበሉ፤ እሱም ሰደደ። ከዚያ ባሻ ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ ንጉሡ ቀረቡ።

"ጃንሆይ፣ ቢፈቅዱ ጠጉርዎን ወደ ኋላ ያድርጉልን።"

ንጉሡ ጠጉሩን ወደ ኋላ አደረገ።

ከጆሮው ፊት ለፊት ያቺው ቀዳዳ ነበረች። አንዳርጌ ነገር ሲያስብ እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን ወደ ደረቱ ሰደደ። ደረቱ ላይ ምንም አልነበረም።

አንዳርጌን ወደ አምባው አወጡት፤ ከጠባቂዎቹ ጋር እንዲኖር። የሚያወሩት ብዙ ነገር እንደነበራቸው ይነገራል።

ንጉሡ ቀጸላን አስጠራው። ድርቤ በመካከላቸው ጠረጴዛ ላይ ነበረች።

"ፋቅ ብዬህ አልነበረም?"

"አዎን፣ ጃንሆይ።"

"ለምን አልፋቅህም?"

"ገና አልደረስኩም፣ ጃንሆይ።"

ንጉሡ ድርቤን አነሣት። ከአምባ ወርዶ ያያቱን አንዳች ነገር በእጁ ሲይዝ የመጀመሪያው ነው። አውራ ጣቱን ጆሮዋ ላይ አሳረፈ፤ ሌላውን እጁን ወደ ራሱ ጆሮ ወሰደ።

"እንግዲያስ አትድረስ" አለ።

ወርቁ ቀለጠ፤ እንደተመኘው ቀለጠ። ዘውድ ግን አልሆነም። ንጉሡ፣ "ጆሮ ለጠላ ጆሮ ይሁንለት" ብሎ የጆሮ ኩክ ማውጫ አሠራው። ራስ አጠገብ ለመድረስ ግን በቃ። ለድርቤ የብር ማቀፊያ ተሠራላት። መሮ ተሳለ፤ መጥረቢያውም እስከ ዛሬ አልሰማም። አይጥ ያንን የቀረውን ሰም አገኘች።

ድርቤ ጠጉር የላትም፤ ግንባሯ ላይ ጭረት አለ፤ አፍንጫዋ የአንዱ፣ ጆሮዋ የሌላው ነው። ብርሃን ሲመጣባት ግን ጆሮዋን አትደብቅም። ከዚያ በኋላ የነገሠ ሁሉ ፊት ካማረው ድንጋዩን ራሱ ይፈልጋል። ሦስተኛው ንጉሥ ግን ሳይፈልግ ቀረ። መጋረጃውንም መልሶ ስላልሰቀለው የዘመኑ ሰው ፊቱን በዓይኑ አየ። በድንጋይ ግን ስላልወጣ ዛሬ ፊቱን የሚያውቅ የለም፤ ጆሮውን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ያያቱን ፊት የፋቀ የራሱን ምስክር ፋቀ።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ከእኔ ተቀበሉ። ስታወሩት እንደየልማዳችሁ ቀንሱለት፤ ጆሮውን ብቻ ተዉልኝ።